የጊታሩ ድምፅ የደረቀው በዲጂታል አምፕ ሰበብ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በመዝናኛ ገጻችሁ ስለ ሠርግና ስለ ሆቴል ባንዶች የወጣውን አስተያየት አንብበነዋል። ጸሐፊው የሊድ ጊታር ድምፅ ደርቋል፣ እንደ ወባ ትንኝ ጆሮ ሥር ይጮኻል፣ ለዚህም ተጠያቂው ጊታሪስቶች እግራቸው ሥር የሚዘረጉት፣ የአምፕንና የስፒከርን ድምፅ የሚያስመስለው፣ ሞዴለር የሚባለው ዲጂታል ማሽን ነው ብለዋል። ምሬታቸው ልክ ነው፤ ቅዳሜ ማታ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት አዳራሽ የዞረ ሰው ይሰማዋል። ብይናቸው ግን አያስኬድም። አንድ ዓይነት ማሽንና አንድ ዓይነት ስፒከር ይዘው አንዱ ባንድ ለጆሮ የሚጥም፣ ሌላው ጆሮ የሚበሳ ድምፅ የሚያወጡበት ምክንያት አለ። እኛ በድምፅ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች በየመድረኩ የምናገኛቸው ስህተቶች ተመሳሳይ ናቸው፤ ለጊታሪስቶችም ሚክሰር ላይ ለሚቀመጡትም ይጠቅም እንደሆነ ብለን ዘርዘር አድርገን ጽፈናል።

በመጀመሪያ፣ ሰዉ ወደዚህ ማሽን የዞረው ለፋሽን ብሎ አይደለም። ፌንደር ትዊን ሪቨርብ የሚባለው ባለ 85 ዋት አምፕ ሁለት 12 ኢንች ስፒከር ይዞ ወደ 29 ኪሎ ይመዝናል። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ የሚሠራው በ120 ቮልት ስለሆነ ስቴፕ ዳውን ትራንስፎርመር ይፈልጋል፤ ቲዩቡ ሲያረጅ ደግሞ ምትኩን እዚህ ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ምሳ ላይ ሠርግ፣ ማታ ሆቴል የሚሠራ ጊታሪስት ይህን ተሸክሞ አይዞርም። እንደ ላይን ሲክስ ኤችኤክስ ስቶምፕ፣ ቦስ ጂቲ 1000 ወይም ኳድ ኮርቴክስ ያሉትን ማሽኖች ግን ዘመድ በሻንጣ ያመጣቸዋል። በነገራችን ላይ የዲጂታል አምፕ መጥፎ ስም እ.ኤ.አ. በ1998 ከወጣው ፖድ ከሚባለው የላይን ሲክስ ማሽን ዘመን ጀምሮ የተጠራቀመ ነው። ያኔ ወቀሳው ተገቢ ነበር፤ ዛሬ የሚሸጡትን ማሽኖች በዚያ መለካት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ እንግባ። ብዙ ሰው የሚስተው ማሽኑ ምኑን እንደሚያስመስል ነው። አጠገባችን ቆሞ ሱሪያችንን የሚያርገበግበውን አምፕ የሚያስመስል ይመስለናል። የሚያስመስለው ግን ማይክ የተደቀነበትን አምፕ ነው፤ ማለትም ስቱዲዮ ውስጥ በሌላ ክፍል የተቀመጠ አምፕ በሚክሰር በኩል ሲሰማ ያለውን ድምፅ። ከስፒከር ካቢኔቱ እስከ ማይኩ ያለው ጉዞ በአንድ አጭር ፋይል ይያዛል፤ ባለሙያዎች አይአር ይሉታል። ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ 1,024 ወይም 2,048 ሳምፕል ነው፤ በ48 ኪሎ ኸርዝ ሲሰላ 21 ወይም 43 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ። ከድምፁ ባሕርይ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ይህ ፋይል ነው፤ ሰው ግን ሰዓቱን ሁሉ አምፕ በመምረጥ ያጠፋና አይአሩን ማሽኑ እንደሰጠው ይተወዋል።

የጊታር ስፒከር ዘፈን ለማዳመጥ እንደተሠራ ስፒከር ሁሉን ድምፅ አያወጣም። ሴለሽን የሚሠራቸው የታወቁት 12 ኢንች ስፒከሮች የሚሠሩት ከ75 ኸርዝ አካባቢ እስከ 5,000 ኸርዝ ነው፤ ከዚያ በላይ ድምፁ ቁልቁል ይወርዳል። ጆሯችን የጊታር ድምፅ ብሎ የለመደው ይህንን ቁልቁለት ጭምር ነው። አዳራሽ ውስጥ የሚተከለው የፒኤ ስፒከር ግን ትዊተር፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር፣ አለው፤ 15,000 ኸርዝም ብትሰጡት ሳይሰስት ያወጣዋል። እንግዲህ የካቢኔቱ ማስመሰያ ተዘግቶ ማሽኑ በቀጥታ ሚክሰር ውስጥ ሲገባ፣ በተለይ ዲስቶርሽን (ድምፁን ሆን ብሎ መሰንጠቅ) ካለ፣ ያ ጸሐፊውን ያስመረረው ጩኸት ይመጣል። ይህ አምፑን በመቀየር፣ ትሬብሉን በመቀነስ አይድንም።

ስለዚህ ማሽኑ የሚሰካበትን ቦታ አይቶ ነው መነሣት። ወደ ሚክሰር ወይም ወደ ባለ ትዊተር ፓወርድ ስፒከር (የራሱ አምፕ ውስጡ ያለው) ከሆነ የካቢኔቱ ማስመሰያ ክፍት መሆን አለበት። በፓወር አምፕ በኩል ወደ እውነተኛ የጊታር ካቢኔት ከሆነ ደግሞ ይዘጋል፤ ካልተዘጋ ድምፁ በሁለት ስፒከር እንዳለፈ ይቆጠርና ታፍኖ ይወጣል። ሦስተኛው ሁኔታ በሆቴሎች የተለመደ ነው፦ ቤቱ ውስጥ የቆየ የጊታር አምፕ አለ፣ ጊታሪስቱ ማሽኑን ፊት ለፊት ካለው የጊታር መግቢያ ላይ ይሰካል። በዚህ ጊዜ የማሽኑ ፕሪአምፕ (የአምፑ የመጀመሪያ ማጉያ ክፍል) በቤቱ አምፕ ፕሪአምፕ ላይ ይደረባል፤ ድምፁ ይጨማለቃል። ከኋላ ኢፌክት ሪተርን የሚል ቀዳዳ ካለ እዚያ ይሰካ፤ የካቢኔቱ ማስመሰያም ይዘጋ። ሪተርን ከሌለው የማሽኑን አምፕ ጭምር ዘግቶ ኢፌክቶቹን ብቻ መጠቀም ይሻላል።

ቀጥሎ ያለው ችግር ድምፁ የተስተካከለበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት የሰው ጆሮ ድምፅ ዝግ ሲል ወፍራሙንም ቀጭኑንም አሳንሶ ነው የሚሰማው፤ ድምፁ ሲጎላ ሁለቱም እኩል እየመጡ ይወፍራሉ። ሌሊት ጎረቤት እንዳይነቃ በጆሮ ማዳመጫ ወይም በትንሽ ስፒከር የሚያስተካክል ጊታሪስት ታዲያ የጎደለ ስለሚመስለው ቤዝ ይጨምራል፣ ትሬብል ይጨምራል፣ መሐሉን ይቆርጣል። ለብቻው ሲሰማ ያምራል። ያንኑ ፕሪሴት፣ ማለትም ማሽኑ ላይ ያስቀመጠውን የድምፅ ቅንብር፣ አዳራሽ ወስዶ 95 ዴሲቤል ላይ ሲከፍተው የጨመረው ቤዝ ከቤዝ ጊታሩና ከድራሙ ጋር ይጋጫል፣ የጨመረው ትሬብል ይወጋል፣ የቆረጠው መሐል ደግሞ ጊታሩ ከባንዱ ውስጥ የሚለይበት ስለነበር ዜማው ይጠፋል። ጊታሪስቱ አልሰማ ሲለው ቮልዩም ይጨምራል፤ የሚጨምረው ግን መውጊያውን ነው።

መድኃኒቱ ፕሪሴትን በመድረክ ጉልበት ማስተካከል ነው። ባንዱ የሚለማመድበት ቤት ቀን ቀን ባዶ ከሆነ አንድ 10 ወይም 12 ኢንች ፓወርድ ስፒከር በቁመት ልክ አቁሙና ሁለት ሜትር ርቃችሁ ድምፁን 90 ዴሲቤል አካባቢ አድርሱት። የሞባይል መለኪያ አፕ ለዚህ ይበቃል፤ ሁለት ሦስት ዴሲቤል ቢሳሳት ግድ የለም። ስፒከሩን መሬት ላይ ማጋደም አይመከርም፤ ወለሉ ቤዙን ያሳድግና ያሳስታል። በዚህ ጉልበት ላይ ጆሮ ቶሎ ስለሚደክም በየ15 ደቂቃው ዕረፍት ያስፈልጋል፤ በደከመ ጆሮ የተስተካከለ ድምፅ በማግስቱ ሲሰማ ሁልጊዜ ይሾላል።

በዚህ ጉልበት መጀመሪያ የሚነካው የካቢኔቱ ሎው ከት (ከታች ያለውን ወፍራም ድምፅ የሚቆርጠው) እና ሃይ ከት (ከላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ የሚቆርጠው) ነው። የጊታር ወፍራሙ ክር ሳይጫን 82 ኸርዝ ነው፤ የቤዝ ጊታሩ ደግሞ 41። ከባንድ ጋር ሲሆን ጊታሩ ከ100 ኸርዝ በታች የሚሠራው ሥራ ስለሌለ ሎው ከቱን 100 ላይ ጀምሩ፤ ኪቦርዲስቱ በግራ እጁ ብዙ የሚጫወት ከሆነ እስከ 130 ቢወጣ አያጎድልም። ሃይ ከቱን 8,000 ላይ አስቀምጡና ዲስቶርሽን ያለውን ድምፅ እየተጫወታችሁ ቀስ ብላችሁ አውርዱት። አንድ ቦታ ላይ የአሸዋ ሹክሹክታው ይጠፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ5,500 እስከ 6,500 መካከል ነው። ለክሊን ድምፅ እስከ 7,000 ወይም 7,500 ሊፈቀድለት ይችላል፤ የፒኩ ንክኪ የሚሰማው እዚያ ላይ ነው። ከ4,000 በታች ከወረዳችሁ ግን ችግሩ ሃይ ከት ላይ አይደለም፤ አይአሩ ራሱ ሹል ነው፣ ይቀየር።

አይአር ሲመረጥ የማይኩን ስም ብቻ ሳይሆን የተቀመጠበትን ቦታም ማየት ነው። ሹር ኤስኤም57 የስፒከሩ መሐል ላይ በቀጥታ ሲደቀን በጣም ይሾላል፤ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ወደ ጠርዝ ሲሸሽ ይለሰልሳል። በሮየር 121 ዓይነት ሪበን ማይክ የተቀዳ ከሆነ ከላይ በኩል ለስላሳ፣ ከታች ወፍራም ነው፤ ለትዝታ ዓይነት ረጋ ያለ ሶሎ ይመቻል፣ ፈጣን ዘፈን ላይ ግን ይሰንፋል። ማሽኖቹ ሁለት ማይክ ማደባለቅ ይፈቅዳሉ። ለስቱዲዮ ጥሩ ነው፣ ለመድረክ ግን በአንድ ጀምሩ። ምክንያቱም ሁለቱ ማይኮች ከስፒከሩ ያላቸው ርቀት በ10 ሴንቲ ሜትር ቢለያይ አንዱ ከሌላው 0.3 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ይዘገያል፤ በዚህም 1,700 ኸርዝ አካባቢ እርስ በርስ ይሰራረዛሉ። እርሱ ደግሞ ጊታር በባንድ መሐል የሚታወቅበት ቦታ ነው። የማሽኑን መስመርና መድረክ ላይ ባለ አምፕ ፊት የቆመን ማይክ ሚክሰር ላይ አንድ ላይ መክፈትም ወደዚሁ ጣጣ ያገባል። የሚሻለው ተመርጦ ሌላው ይዘጋ።

የዲስቶርሽኑን መጠን ስለሚወስነው ጌይን ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ቀንሱ። ቤት ውስጥ ልክ የመሰለው ዲስቶርሽን በመድረክ ጉልበት ሲሶው ትርፍ ነው። የእኛ ሙዚቃ በተለይ ይህን አይወድም። ጊታሪስቱ ሰላም ስዩም ከአይቤክስና ከሮሃ ባንድ ጋር የተጫወታቸውን ቅጂዎች ጆሮ ሰጥቶ ላዳመጠ፣ የጊታሩ መስመር ከቤዙና ከሳክስፎኑ መሐል ተለይቶ የሚወጣው በጩኸት ሳይሆን በምቱ ጥራት ነው። አምባሰልም ሆነ አንቺ ሆዬ ላይ ጌጡ ያለው በክሩ መጎተትና በጣት ንዝረት ነው፤ ዲስቶርሽን ሲበዛ ደካማውን ምት ከጠንካራው እኩል ያደርገውና ያ ሁሉ ጌጥ ይጨፈለቃል።

መነሻ የሚሆን አምፕ ስንጠየቅ እንዲህ እንላለን። ለክሊን፣ የክራር መስመር ለሚከተል ምት፣ የትዊን ሪቨርብ ወይም የዴሉክስ ሪቨርብ ሞዴል ይሁን፤ ኤችኤክስ ስቶምፕ ላይ ስማቸው ዩኤስ ደብል እና ዩኤስ ዴሉክስ ነው። ድራይቩ ጠንከር ብሎ ሲመታ ብቻ በትንሹ የሚሰነጠቅበት ቦታ ላይ ይቁም፤ የጊታሩ ቮልዩም ከ10 ወደ 7 ሲወርድ መጽዳት አለበት። ካልጸዳ ድራይቩ ገና ብዙ ነው። የሰማንያዎቹ ዓይነት ንጹሕና ኮረስ ያለበት ድምፅ የሚፈልግ ጃዝ ሪቬት 120 የሚለውን ይሞክር፤ የሮላንድ ጃዝ ኮረስ 120 ሞዴል ነው። ዋ ዋ ፔዳል ለሚያበዙ ደግሞ ዋው ከአምፑ በፊት መግባቱንና የፔዳሉ ጫፍ ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ የሚወጣውን ሹልነት በ90 ዴሲቤል መስማታቸውን ያረጋግጡ፤ አዳራሽ ውስጥ ሰው ጆሮውን የሚይዘው አንዳንዴ በዚህ ነው። ጠንካራውን ምት ዝቅ አድርጎ ድምፁን የሚያመጣጥነውን ኮምፕሬሰር የሚጠቀም ሬሾው 3 ለ 1፣ አታኩ (መጫን እስኪጀምር ያለው ጊዜ) ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሴኮንድ፣ የሚጫነውም ከ3 እስከ 4 ዴሲቤል ቢሆን የፒኩ ምት ሳይሞት ድምፁ ይሰበሰባል። አታኩ 1 ወይም 2 ሚሊ ሴኮንድ ላይ ከሆነ ምቱን ራሱን ይበላዋል፤ ጊታሩም ኪቦርድ ላይ እንዳለ የጊታር ድምፅ ይሆናል።

በቴሌግራም ከጓደኛ የመጣ ፕሪሴት፣ ጓደኛው ዋሽንግተን ዲሲም ይሁን ቦሌ፣ እንዳለ አይሠራም። ሃምባከር (ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ) ባለው ጊታር የተሠራ ፕሪሴት በሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል) ሲከፈት ይቀጥናል፤ የተገላቢጦሹ ሲሆን ይጨማለቃል። ከሁሉ በፊት ድራይቩና ሎው ከቱ ለራስ ጊታር ይስተካከሉ። ሌላው የማይጠረጠር ነገር ዋየርለስ ነው። የስድስት ሜትር ኬብል በሜትር 100 ፒኮፋራድ ገደማ ካፓሲታንስ ስለሚኖረው የፓሲቭ ጊታርን ሹልነት ትንሽ ይቀንሳል። ዋየርለስ ሲገባ ያ ቅነሳ ይቀራል፣ ድምፁ ይሾላል፣ ጊታሪስቱም ምን እንደተቀየረ አያውቅም። አንዳንድ ዋየርለሶች የኬብል ቶን የሚል ማስተካከያ አላቸው፤ ከሌለ በጊታሩ ቶን ቁልፍ ከ10 ወደ 8 ማውረድ ያቀራርበዋል።

ድምፁን አዘግይቶ ስለሚደግመው ዲሌይ ደግሞ ማንም የማያነሣው፣ የእኛን ባንዶች ግን በየሳምንቱ የሚያበላሽ ነገር አለ። ማሽኖቹ ውስጥ ያሉት ፕሪሴቶች የተዘጋጁት ለ4/4 ሙዚቃ ነው፤ ብዙዎቹም ዲሌያቸው ዶትድ ኤይትዝ በሚባለው ክፍፍል ላይ ተቀምጧል። ችክችካ ግን 6/8 ነው። ከበሮው በደቂቃ 120 ዋና ምት ቢመታ በሁለት ምት መካከል 500 ሚሊ ሴኮንድ አለ፤ ያ ደግሞ ለሦስት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ 167 ሚሊ ሴኮንድ ይሆናል። ጊታሪስቱ ፍጥነቱን ለማሽኑ የሚነግርበትን ታፕ ቴምፖ በዋናው ምት ሲረግጥ ማሽኑ ዶትድ ኤይትዝን የ500 ሦስት አራተኛ አድርጎ 375 ሚሊ ሴኮንድ ላይ ይመልሳል። ችክችካው ውስጥ ያሉት ቦታዎች 167፣ 333 እና 500 ናቸው። 375 ከየትኛውም ላይ አያርፍም፤ ማስተጋባቱ ከከበሮው 42 ሚሊ ሴኮንድ ዘግይቶ እየተንገዳገደ ይመጣል፣ ተወዛዋዡም ሳያውቀው እግሩ ይሳሳታል። ክፍፍሉን ወደ ኳርተር ትሪፕሌት ለውጡት፤ 333 ላይ ያርፋል። ኤይትዝ ትሪፕሌት ካደረጋችሁት 167 ላይ ነው፤ ለፈጣን የክራር ዓይነት ምት ይስማማል። ድግግሞሹ ከሁለት አይብለጥ፣ ሚክሱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይሁን፤ የዲሌዩ ራሱ ሃይ ከት ወደ 3,000 ወርዶ ማስተጋባቱ ከዋናው ዜማ ኋላ ይቁም። ወደ 4/4 ሬጌ ወይም ዘመናዊ ሲዞሩ ሌላ ስናፕሾት (በዚያው ፕሪሴት ውስጥ የተቀመጠ ሌላ አቀማመጥ) ላይ ዶትዱን ማስቀመጥ ነው።

ሪቨርብን በተመለከተ፣ እብነ በረድ ወለልና መስታወት ግድግዳ ያለው የሆቴል አዳራሽ የራሱ ሪቨርብ ከበቂ በላይ አለው። ፕሪሴቱ ላይ 30 በመቶ የነበረው 10 በመቶ ይሁን። ድንኳን ውስጥ ወይም ሜዳ ላይ ሲሆን ግን መመለስ ይቻላል፤ ሸራ ድምፅ አይመልስም።

ከማሽኑ ወደ ሚክሰር ስንመጣ፣ ኤክስኤልአር (ባለ ሦስት ፒን የማይክ ኬብል) መውጫ ካለ እርሱ ይመረጥ፤ ከሌለ የጊታርን መስመር ለሚክሰር በሚያመቻቸው ዲአይ ቦክስ ይለፍ። ተራ የጊታር ኬብል 20 ሜትር ዘርግቶ ሚክሰር ላይ መሰካት ኸም የሚባለውን የመብራት እምምታ መጋበዝ ነው። መውጫው ማይክ ወይም ላይን የሚል ምርጫ ይኖረዋል፤ መድረክ ላይ ያለው ስቴጅ ቦክስ የማይክ መግቢያ ከሆነ ማሽኑም ማይክ ላይ ይቀመጥ፣ አለበለዚያ የሚክሰሩ ፕሪአምፕ ይሰነጠቅና ጥፋቱ በጊታሪስቱ ይሳበባል። የዚያ ቻናል 48 ቮልት ፋንተም (ሚክሰሩ ለማይክ የሚልከው ኃይል) ይዘጋ፤ ማሽኑ አያስፈልገውም፣ አንዳንዱንም ይጎዳል። የማሽኑ ማስተር ቮልዩም ከተቻለ ከኤክስኤልአሩ ይለያይና የመድረክ ሞኒተሩን ብቻ እንዲቆጣጠር ይደረግ፤ በላይን ሲክስ ሄሊክስ ላይ ሴቲንግ ውስጥ አለ። ይህ ካልተደረገ ጊታሪስቱ ራሱን ለመስማት በጨመረ ቁጥር አዳራሹ ውስጥም ይጨምራል፣ ሚክሰር ላይ ያለው ሰው ይቀንሳል፣ እንዲህ ሲሳሳቡ ሠርጉ ያልቃል።

አብዛኛው አዳራሽ ሞኖ ነው፣ ወይም ስቴሪዮ ቢሆንም ግማሹ እንግዳ አንዱን ስፒከር ብቻ ነው የሚሰማው። ፒንግ ፖንግ ዲሌይና ስቴሪዮ ኮረስ እዚያ ዋጋ የላቸውም፤ እንዲያውም በሞኖ ሲደመሩ ድምፁ ይሳሳል። ማሽኑን ገና ቤት ውስጥ በአንድ ኬብል ማዳመጥ ከዚህ ያድናል።

የፕሪሴቶች ጉልበት አለመመጣጠንም ትልቅ በሽታ ነው። ዲስቶርሽን ያለው ድምፅ የተጨመቀ ስለሆነ በመለኪያ ከክሊኑ እኩል ሲሆን በጆሮ ይበልጣል፤ ክሊኑ ደግሞ በምቱ ጫፍ ብቻ ስለሚዘል ባንዱ ሲገባ ይሰምጣል። ስለዚህ በመለኪያ ሳይሆን ባንዱ እየተጫወተ በጆሮ ይመጣጠኑ። ሶሎ ሲመጣ ማጎያው ከአምፑና ከካቢኔቱ በኋላ ይቀመጥ፤ 3 ዴሲቤል፣ ከተፈለገም 800 ኸርዝ አካባቢ ሁለት ዴሲቤል። ከአምፑ በፊት የተቀመጠ ማጎያ የሚጨምረው ዲስቶርሽን ነው፤ ድምፁ ይወፍራል እንጂ ወደ ፊት አይመጣም። ለአንድ ዘፈን አንድ ፕሪሴት ይዞ በስናፕሾት መቀያየሩ ይመረጣል፤ ከፕሪሴት ወደ ፕሪሴት ሲኬድ ብዙ ማሽን ላይ ድምፁ ለቅጽበት ይቋረጣል፣ የዲሌዩም ጅራት ይቆረጣል።

አሁን ለሚክሰር ባለሙያዎች። የጊታሩ ቻናል ላይ ከሌላ ሠርግ የቀረ ኢኳላይዘር ካለ አጥፉትና ከዜሮ ጀምሩ። የተስተካከለ ሞዴለር ማይክ የተደቀነበት አምፕ ነው፤ ሃይ ፓሱን (ሎው ከቱን) 100 ላይ ከከፈታችሁ በኋላ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። ጭቅቅት ካለ ከ250 እስከ 350 ኸርዝ ባለው ሁለት ዴሲቤል መቀነስ፣ ከድምፃዊው ጋር ከተጋጨ ደግሞ 2,500 አካባቢ መቀነስ ይበቃል። ጊታሪስቱም አዳራሹ ስለተቀየረ ፕሪሴቶቹን አንድ በአንድ መነካካት የለበትም፤ ማሽኑ ላይ ግሎባል ኢኳላይዘር የሚል አለ፣ የአዳራሹ ጣጣ እዚያ ብቻ ይስተካከል፣ ሲወጣም ወደ ዜሮ ይመለስ። መመለሱን የሚረሳ ሰው በማግስቱ ሌላ አዳራሽ ሄዶ ማሽኑ ተበላሸ ይላል።

ጊታሪስቱ ራሱ አዳራሹ መሐል ቆሞ ድምፁን የሚሰማበት ቀላል መንገድ አለ፤ የተጫወቱትን ቀድቶ የሚደጋግመው ሉፐር። ሉፐሩን በሰንሰለቱ መጀመሪያ፣ ከአምፑ በፊት አስቀምጡት። አንድ ዙር ክሊን ምት፣ አንድ ዙር የሶሎ መስመር ቅዱና እንዲደጋገም ተዉት። ከዚያ ወርዳችሁ ስድስት ሰባት ሜትር ርቃችሁ አዳምጡ፤ ማሽኑን ሌላ ሰው እየነካላችሁ ወይም በስልክ ወይም በላፕቶፕ አፑ፣ ሃይ ከቱንና መሐሉን አስተካክሉ። ሉፐሩ ከአምፑ በኋላ ከሆነ ግን የአምፑን ቁልፍ ብታዞሩም የተቀዳው አይለወጥም።

መድረክ ላይ ጊታሪስቱ የለመደው አምፕ ከኋላው ስለሌለ ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስለዋል፤ በጣም ብዙዎች ማሽኑን የሚጠሉት በዚህ ነው። ከጊታሪስቱ ኋላ፣ በወገብ ልክ፣ የራሱ የሆነ ፓወርድ ስፒከር ማቆም ይህን ስሜት ይመልሳል፤ ክሩም ከስፒከሩ ጋር ሲገናኝ ኖታው ረዘም ብሎ ይቆያል። ጆሮ ውስጥ በሚገባ ሞኒተር የሚሠሩ ለራሳቸው ብቻ ትንሽ የክፍል ሪቨርብ ያስጨምሩ። መዘግየትን የሚፈሩ አሉ፤ ማሽኑ፣ ዋየርለሱና ዲጂታል ሚክሰሩ ተደምረው 7 ሚሊ ሴኮንድ ቢሆን ከአምፕ 2.4 ሜትር ርቆ እንደመቆም ነው።

ስለ መብራት ሳንናገር ብናልፍ ግን ከላይ ያለው ሁሉ ከንቱ ነው። ኤችኤክስ ስቶምፕ 9 ቮልት፣ 3 አምፔር፣ መሐሉ ኔጌቲቭ የሆነ አዳፕተር ይፈልጋል፤ ለተራ ፔዳል የተሠራ 500 ሚሊ አምፔር የሚሰጥ መሰኪያ አያስነሣውም ወይም ዘፈን መሐል ያጠፋዋል። ከአሜሪካ የመጣ አዳፕተር ላይ 100–240 ቮልት የሚል ጽሑፍ መኖሩ ሳይታይ ሶኬት ውስጥ አይግባ። መብራት ብልጭ ሲል ማሽኑ ከመጀመሪያው ይነሣል፤ እስኪነሣ ድምፅ የለም፣ ሙሽሮች ደግሞ አይጠብቁም። ለኮምፒውተር የሚሸጥ ትንሽ ዩፒኤስ ማሽኑንና ዋየርለሱን ብቻ ቢይዝ ጀነሬተር እስኪነሣ ያቆያል፤ ፓወርድ ስፒከር እዚያ ላይ አይሰካ፣ ይጨርሰዋል።

ኸም ሲኖር የመጀመሪያው ምርመራ የመሬት መስመሩ ነው። ባለ ሦስት እግር የአሜሪካ መሰኪያ በርካሽ ማስማሚያ ወደ ሁለት እግር ሲለወጥ የመሬት መስመሩ ይቀራል፤ ከዚያ ጊታሪስቱ ማይክ ሲጠጋ ከንፈሩን ይነዝረዋል። ሦስተኛውን እግር መቁረጥ ደግሞ የሰው ሕይወት ላይ መጫወት ነው። የማሽኑም የሚክሰሩም መስመር ከአንድ ሶኬት፣ ከአንድ ዲቫይደር ቢመጣ አብዛኛው ኸም ይጠፋል፤ ካልጠፋ የኤክስኤልአሩ ግራውንድ ሊፍት ይነካ፤ እርሱ የሚያላቅቀው የድምፁን ኬብል ብቻ ነው። በዲመር የሚሠራ መብራት አጠገብ ሲንግል ኮይል ጊታር መዝመሙ አይቀርም። ጊታሩ ዝም ሲል መስመሩን የሚዘጋው ኖይዝ ጌት ሥራ ላይ ሲውል ክሩ ሲያዝ ዝም የሚያሰኘው ዝቅተኛው ቦታ ላይ ይቁም፤ ከዚያ በላይ ከወጣ የትዝታውን መጨረሻ ኖታ ይቆርጠዋል።

የሠርግ አስተባባሪዎችንና የሆቴል ኃላፊዎችን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ እንግዳ ከመግባቱ በፊት 20 ደቂቃ። በዚያ ጊዜ ጊታሩ ለብቻው አይፈተሽ። መጀመሪያ ድራምና ቤዝ፣ ከዚያ ጊታሩ በእነርሱ ላይ፣ ኪቦርዱ ይጨመርና ግራ እጁ ከጊታሩ ጋር የሚገጭ ከሆነ ከሁለቱ አንዱ ኦክታቭ ይቀይር፣ ድምፃዊው በመጨረሻ ይግባ። ከዝግታ ዘፈን አንድ፣ ከችክችካ አንድ፣ ሶሎ ያለበት አንድ ግማሽ ግማሽ ይሞከር።

ከአክብሮት ጋር፤
በድምፅና በመድረክ ሥራ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች
አዲስ አበባ